መስከረም ጠባ ብላችሁ ጃንጥላችሁን እንዳትጥሉ!

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላል ያገሬ ሰው። አባባሉ ያምራል፤ ተስፋም ይሰጣል። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ሌሊቱ ስንት እንደሚቀረው ሽሮ ሜዳ ላይ በማለዳ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይመስክር! የክረምቱም ነገር እንደዚያው ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ያልፋል፤ ዝናቡ ግን ችቦውን አይቶ አይፈራም። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ይመጣል፤ ልጆች ጠበል ነው እያሉ ዝናብ ውስጥ ይጨፍራሉ። ቅዱስ ዮሐንስ ይመጣል፤ አበባየሆሽ ያሉት ልጆች ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ይመለሳሉ። መስከረም 16 ደመራው ይለኮሳል፤ ሰዉ ደግሞ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ጥቁር ደመና ያንዣብባልና!

እኛ ከተሜዎች ግን አዲስ ዓመት ከገባ ክረምቱ አለቀ ብለን ደምድመናል። ቡትስ ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። ጃንጥላው ይረሳል። የተዘጋው ቱቦ «ለከርሞ ይጠረጋል» ይባላል። ቦሌ ለሚኖር ሰው ይህ መዘናጋት ቢበዛ ልብሱን ያረጥበው ይሆናል። ለጉለሌ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ሥር፣ ከወንዝ አፋፍ ላይ የሚኖር ሰው ጠንቀቅ ማለት የሚገባው የሰኔን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የመስከረሙንም ነው። ለምን? እስቲ አብረን እንየው።

ለመሆኑ ክረምት የሚወጣው መቼ ነው?

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ የተናገሩት አባባል ብቻ አይደለም፤ ቆጥረውም አስቀምጠዋል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ሲሆን የሚወጣው መስከረም 25 ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 አካባቢ መሆኑ ነው። በማግሥቱ፣ መስከረም 26 ቀን፣ ዘመነ መፀው ይገባና እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። ብዙዎቻችን መስከረምን «ፀደይ» እንለዋለን፤ በአባቶች ቆጠራ ግን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ስለዚህ በቆጠራው ከሄድን አዲሱን ዓመት የምንቀበለው ክረምት ውስጥ ሆነን ነው!

የአየር ጠባይ ባለሙያዎችስ ምን ይላሉ? እነሱ ዓመቱን የሚከፍሉት ለሦስት ነው፦ በልግ፣ ክረምትና በጋ። ክረምት ብለው የሚይዙት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ነው። በጋው የሚጀምረው ከጥቅምት ነው። አያችሁ? ደብተራውና ሜትሮሎጂው ተማክረው አያውቁም፤ ግን በመስከረም ጉዳይ ተስማምተዋል።

ቁጥሩንም እንመልከት። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ጁላይና ኦገስት እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይይዛሉ። ሴፕቴምበር ወደ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኦክቶበር ሲገባ ወደ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል። ሴፕቴምበር ማለት በእኛ አቆጣጠር የነሐሴን መጨረሻ፣ ጳጉሜንንና የመስከረምን የመጀመሪያ 20 ቀናት የሚይዝ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሴፕቴምበር ዝናብ ከጁን ዝናብ አያንስም። በሰኔ ያለ ጃንጥላ የማይወጣው ሰውዬ በመስከረም በነጠላ ጫማ ሲሄድ ምን ይባላል?

«ሚሊ ሜትር» ሲባል ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ስሌት ልስጠው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ቤታችሁ 4 በ5 ከሆነ ቆርቆሮው 20 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያችሁ ላይ ብቻ 400 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ሁለት በርሜል ሙሉ! አንድ ሄክታር ተዳፋት ላይ ደግሞ ይኸው ዝናብ 200,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ታች ነዋ! ታች ያለነው ደግሞ እኛ ነን።

እንጦጦ ዝናብ ጠሪ ነው

የክረምት ዝናብ የሚመጣው ከሩቅ ነው። በክረምት ወራት ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል፣ ከህንድ ውቅያኖስም ጭምር እርጥበት የያዘ አየር ወደ ሀገራችን ይገባል። ይህ አየር የሚገናኝበት የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ስለዚህ ዝናቡ ቀድሞ የሚያቆመው በሰሜን በኩል ነው። ትግራይ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ገበሬው እፎይ ሲል አዲስ አበባ ገና ቱቦዋ ይጮኻል። ዝናቡ ሲሄድ እንደ እንግዳ ነው፤ ተነሳሁ ካለ በኋላ በር ላይ ቆሞ ብዙ ያወራል።

በር ላይ የሚያቆመው ማነው? እንጦጦ! እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ሲከብደው ያራግፋል። ለዚህ ነው ስታዲየም አካባቢ ፀሐይ ሆኖ እንቁላል ፋብሪካ ስትደርሱ የሚያካፋው፤ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ደግሞ የሚያወርደው። ታክሲ ውስጥ «ፒያሳ እኮ ደረቅ ነበር!» የሚል ተሳፋሪ በየቀኑ አይጠፋም።

ብርዱም ከከፍታው ጋር ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ ሸሚዝ ለብሶ የሚዝናና ልጅ እንጦጦ ላይ ጃኬት ቢለምን አይፈረድበትም። ይህን ብርድ ነገሥታቱም አልቻሉትም። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ የእንጦጦ ብርድና ነፋስ አስቸግሮ፣ የፍል ውሃውም ነገር አጓጉቶ ነው። ከተማችን ራሷ የአየር ጠባይ ልጅ ናት ማለት ይቻላል!

መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የመስከረም ዝናብ ከሐምሌው ያነሰ ከሆነ ለምን ይፈራል? መልሱ ያለው ከእግራችን ሥር ነው። በሰኔ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ የዘነበውን ይጠጣል። በመስከረም ግን ሦስት ወር ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ ጠግቧል። የጠገበ መሬት ላይ የወረደ ውሃ መግቢያ ስለሌለው በቀጥታ ይሮጣል። ስለዚህ በመስከረም አንድ ሰዓት የዘነበ ዝናብ በሰኔ ሁለት ሰዓት የዘነበውን ያህል ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል። አፈሩም ከብዷል፣ ላልቷል። ግንቡም ከኋላው ያለው አፈር ውሃ ቋጥሮ እየገፋው ነው።

ጉለሌ ደግሞ የተዳፋትና የወንዝ አገር ነው። ቀጨኔ ወንዝን የመሰሉት ከእንጦጦ ተነስተው በየሰፈሩ እየሰነጠቁ ይወርዳሉ። በበጋ ስታዩአቸው ጅረት ናቸው፤ ሕፃን ይዘላቸዋል። በክረምት ግን ሌላ ናቸው። ባለፉት ዓመታት በወንዝ ዳርቻ ልማትና በኮሪደር ሥራ ከወንዝ አፋፍ የተነሳ ሰው ብዙ ነው። ቢሆንም ዛሬም ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም ሥራ ለመሄድ ወንዝ የሚሻገር አለ። ትምህርት የሚከፈተውም በዚሁ በመስከረም ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጎርፍ እንዲመጣ እናንተ ላይ መዝነብ የለበትም! በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታውና ከ200 በላይ ሰዎችን የጨረሰው የደቻቱ ጎርፍ ምንጩ ከተማዋ ላይ የወረደ ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ከበላይዋ ካሉት ደጋዎች የወረደ ውሃ ነው። የእኛም ደጋ እንጦጦ ነው። ቀጨኔ ላይ ፀሐይ ወጥቶ እላይ ከጠቆረ ወንዙን አትመኑት። አዲስ አበባም ብትሆን ይህን ታውቀዋለች፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ በደረሰ ጎርፍ 7 ሰዎች ሞተዋል።

የመሬት መንሸራተቱስ? ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውን ማን ይረሳዋል? ከብዙ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ላይ መድረሳቸው ነው። ጉለሌ ጎፋ አይደለም፤ ግን ተዳፋትን ቆርጦ፣ ድንጋይ ደርድሮ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከዚህ ሊማር ይገባል።

ስለዚህ እስከ መስከረም 25 ድረስ እነዚህን አትዘንጉ፦

– ግድግዳ ወይም መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ትናንት በደንብ የሚዘጋው በር ዛሬ አልዘጋም ካለ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካዘመመ፣ ከተዳፋቱ ሥር የደፈረሰ ውሃ መውጣት ከጀመረ መሬቱ እየተናገረ ነው። ለወረዳው አመልክቱ፤ ሌሊቱን ደግሞ ሌላ ቦታ እደሩ።

– የግንብ አጥር ሥር ተጠግታችሁ ዝናብ አታስጠልሉ። ሕፃናትንም እዚያ አታጫውቱ።

– የሚሮጥ ጎርፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ማንሳት ይጀምራል። «እኔ እኮ ዋና እችላለሁ» የሚል ጀግና ጀግንነቱን ለሶደሬ ያቆየው!

– የሰፈር ቱቦ የሚጠረገው በሰኔ ብቻ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ፌስታል የጎረሰው ቱቦ በመስከረም ነው የሚያንቀው። አንድ እሁድ ጠዋት አካፋ ይዞ መውጣት ከዕድር መዋጮ ይረክሳል።

የጉለሌ መስከረም በየአሥር ቀኑ

ዓመት ከዓመት ይለያያልና እንደ ውል እንዳትይዙት፤ የተለመደው አካሄድ ግን ይህን ይመስላል።

ከመስከረም 1 እስከ 10፦ ጠዋቱ ያታልላል። ሰማዩ ታጥቦ ሰማያዊ ይሆናል፤ እንጦጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አደይ አበባ ተዳፋቱን ቢጫ ያደርገዋል። ነገር ግን ይኸው የጠዋት ፀሐይ ነው የከሰዓቱን ዝናብ የሚያበስለው። እርጥቡን መሬት ያሞቀዋል፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ 6 ሰዓት ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ደመና ይቆለላል፤ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነጎድጓዱ ይጀምራል። በረዶም ሊኖረው ይችላል። ልብስ የሚታጠብ ካለ በጠዋት ይታጠብ፤ ከሰዓት በኋላ ገመድ ላይ አይገኝ።

ከመስከረም 11 እስከ 20፦ ዝናቡ ቀን መዝለል ይጀምራል። ሁለት ቀን ይተውና ሦስተኛው ቀን ላይ እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ይመጣል። ደመራና መስቀል የሚውሉት እዚህ ውስጥ ነው። ሰዉ ደመራው ወደየት እንደወደቀ አይቶ ስለ መጪው ዘመን ይተነብያል፤ እኔ ግን ነጠላችሁን ስትለብሱ ጃንጥላውንም ያዙ እላለሁ። ሌሊቱ መጥራት ይጀምራል፤ ማለዳ ላይ ጉም በወንዙ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ታዩታላችሁ።

ከመስከረም 21 በኋላ፦ ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከምሥራቅ በኩል ደረቅ አየር ይገባል። ዝናቡ እየሳሳ ሄዶ አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል። ዘመነ ክረምት የሚወጣውም፣ ሕዝቡ ክረምቱን በሰላም አሻግረኸናል ብሎ በኢሬቻ የሚያመሰግነውም በዚሁ ሰሞን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባም በሆረ ፊንፊኔ ይከበራል፤ በማግሥቱ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ነው። አያችሁ፣ ምስጋናው የሚመጣው ክረምቱ በእርግጥ ሲያልፍ ነው፤ እኛ ደግሞ ቡሄ ላይ ልናመሰግን እንቸኩላለን!

እንጀራቸው ሰማይ ላይ የተጋገረ

የመስከረም ሰማይ ለአንዳንዱ የቀጠሮ ጉዳይ ነው፤ ለሌላው ግን የዕለት እንጀራ ነው። ቀጨኔ ያሉትን ሸክላ ሠሪ እናቶች አስቡ። ሸክላ በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከገባ በውስጡ ያለው እርጥበት ሲፈላ ይሰነጥቀዋል። የአንድ ሳምንት ድካም በአንድ ጊዜ «ጧ!» ይላል። ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ሲለምኑ ከርመው፣ በመስከረም ጠዋት ፀሐይ ሲያዩ ምጣዱንና ጀበናውን ደጅ ያወጣሉ። 8 ሰዓት ላይ ደመናውን ቀድሞ የሚያስገባ ልጅ ያላት እናት ታድላለች። ሰፈር ውስጥ ስታልፉ ሲያካፋ ካያችሁ አንድ ጀበና አንስታችሁ ብታስገቡ ምን ትሆናላችሁ?

ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎችና ነጋዴዎችም እንዲሁ ናቸው። የሐበሻ ልብስ ገበያ የሚደምቀው ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ነው። ነጭ ልብስ ደግሞ ከጭቃ ጋር አይዋደድም። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከሰዓቱን ገበያ ይበትነዋል። ለገዢዎች የምመክረው በጠዋት ውጡ ነው፤ ልብሱን በፀሐይ ብርሃን ታዩታላችሁ፤ ነጋዴውም ደመናውን እያየ በችኮላ አያስተናግዳችሁም። (ደመናውን እያየ ዋጋ ይቀንሳል የምትሉ ብልጦች እንዳላችሁ አውቃለሁ!)

ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችስ? ለእነሱ እርጥብ ቅጠል ማለት የበለጠ ሸክም፣ እርጥብ መንገድ ማለት ደግሞ የሚያንሸራትት ቁልቁለት ማለት ነው። መኪና የምትነዱ ወጣቶች፣ በቁልቁለቱ ላይ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ኩሬውንም አትርጩባቸው።

እንጦጦ ላይ ለተቃጠራችሁ

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከተመረቀ ወዲህ የጉለሌ መንገድ ቅዳሜና እሁድ በጥንዶች ተሞልቷል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም በመስከረም ያምራል። ሂዱ፤ ማን ይከለክላችኋል? ግን በጠዋት ሂዱ። 3 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው አደዩንም፣ ከተማውንም አይቶ፣ ፎቶውንም ተነስቶ 7 ሰዓት ላይ ይወርዳል። «ከምሳ በኋላ እንገናኝ» የሚል ፍቅረኛ ግን ወይ የአየር ጠባይ አያውቅም፣ ወይ አንድ ጃንጥላ ሥር መጠጋት ፈልጓል!

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በፊት ከሰማችሁት መብረቁ ቅርብ ነውና መኪና ወይም ቤት ውስጥ ግቡ። ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው፤ ረጅም ዛፍ መብረቅ ይጠራል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሰልፊ መነሳትም ለሌላ ቀን ይቆይ።

ልብስን በተመለከተ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ ነገር ደራርቦ መልበስ ይሻላል። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ ማታ እንደገና ይበርዳል። ጉለሌ በአንድ ቀን አራቱንም ወቅት ታሳያለች፤ ያውም በነፃ!

ዝናቡ ሲሄድ ብርዱ ይመጣል

ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ዝናቡ ቆሞ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሌሊቱ ለምን ይብሳል? ምክንያቱ ደመናው ነው። ደመና የመሬት ብርድ ልብስ ነው። በክረምት ቀን ቀን ፀሐይ ብናጣም ሌሊት ደመናው ሙቀቱን ይይዝልናል። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ብርድ ልብሱ ተገፈፈ ማለት ነው፤ መሬት ቀን የሞቀውን ሌሊት ወደ ሰማይ ይሰደዋል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ወንዙ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዝ ዳር ያለ ቤት ሊነጋ ሲል የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ይህ ብርድ እስከ ጥር ይዘልቃል።

እዚህ ላይ የቀልድ ወሬዬን አቆማለሁ። አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወጣቶች ስሙኝ። ሲበርድ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሞትን አልጋ ሥር አስገብቶ መተኛት ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። «ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ካለቀለት በኋላ ነው ያስገባሁት» ማለት አያድንም፤ ፍም የሆነ ከሰልም ያንኑ መርዝ ያወጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ አይነቃም። እንዲህ ያለ ስሜት ከተሰማችሁ በሩን ክፈቱ፣ ወደ ደጅ ውጡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ቡና ተፈልቶ ካበቃ ከሰሉ ከቤት ይውጣ፤ ብርዱን በብርድ ልብስ፣ በካልሲና ሙቅ ውሃ በሞላበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ተከላከሉት። በየዓመቱ በዚህ ምክንያት የሚቀጠፈው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር የሚኖር ወጣት ነው።

አስምና ብሮንካይት ያለባችሁ መድኃኒታችሁን ከጥቅምት በፊት አዘጋጁ፤ እርጥቡ አየር በደረቁና በአቧራው ሲተካ ደረት ይቆጣል። የቧንቧ ውሃ ከዝናብ በኋላ ከደፈረሰ አፍልታችሁ ጠጡ።

ለመስቀል ሀገር ቤት ለምትሄዱ

መስቀል ሲመጣ ጉለሌ ግማሹ ይነሳል። ጉራጌው ወደ ሀገሩ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ወደ ጋሞ ይጓዛል። እዚህ አንድ ምክር አለኝ። አዲስ አበባ ከፍታዋና ብርዷ ከወባ ጠብቋታል፤ የጉለሌ ልጅ ስለ ወባ አያስብም። ነገር ግን በሀገራችን ወባ በብዛት የሚነሳው ዝናቡ ጋብ ሲልና ውሃው ሲያቁር፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ጨንቻ ደጋ ናት፤ አርባ ምንጭ ግን ቆላ ናት። ቆላ ላይ አንድ ሌሊትም ቢሆን የሚያድር ሰው አጎበር ይፈልግ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ዝንጅብል ብቻ አትጠጡ፤ ተመርመሩ፤ ለሐኪሙም የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ትንበያ እንዴት ይደመጣል?

«ሜትሮሎጂ ይዘንባል ካለ አይዘንብም» የሚል ቀልድ አለን። ቀልዱ ይቅርና፣ ትንበያ እንዴት እንደሚደመጥ ማወቅ ግን ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በላይ» እና «ከመደበኛ በታች» በሚል የሚነገር የዕድል መጠን ነው፤ «ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ሩፋኤል ይዘንባል» ማለት አይደለም። ለሳምንቱ ዕቅድ የአሥር ቀኑን፣ ለዛሬ ልብሳችሁ ደግሞ የዕለቱን ስሙ።

ሩቅ ያለ ባሕርም የእኛን መስከረም ይለውጠዋል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት፣ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈለገ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ፣ በጋ ነው በተባለው ጊዜ በደቡብና በምሥራቅ የሀገራችን ክፍሎች ከባድ ዝናብና ጎርፍ አመጣ። ስለዚህ «አምናም በዚህ ቀን ቆሞ ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። አምና አምና ነው!

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ለማሳጠር፦ እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው ብላችሁ ኑሩ፤ ጉዳያችሁን በጠዋት ጨርሱ፤ ከወንዝና ከግንብ ሥር ራቁ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ከከሰል ተጠበቁ። ጃንጥላ በከንቱ ይዞ የዋለ ሰው ቢበዛ ክንዱ ይደክመዋል፤ ወንዙ ላይ የተዘናጋ ግን ከዚያ የበለጠ ያጣል። አበባውም ደስታውም የሚያምረው ቤተሰብ ሙሉ ሆኖ ሲያዩት ነው።

መጪው መፀው የሰላም፣ የጤናና የደረቅ ጫማ ይሁንላችሁ! ሳምንት ሰው ይበለን።